ያለ ሎላ የበሰለ ሩዝ

የማሸጊያ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚመስለውን፣ ጥርስ የሚያንገጫግጨውን። ትናንት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆሞ አሮጌ መጻሕፍት በካርቶን እያሸገ ነበር። እኔ ልጆቹ በወጡበት ክፍል ውስጥ የሠላሳ አንድ ተማሪ ድርሰት ፊቴ ተከምሮ ተቀምጬ ነበር። ድምፁ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶዬ ይቆማል። ሦስት ድርሰት ካረምኩ በኋላ አስቀመጥኩት። ሰሞኑን ቶሎ ይደክመኛል፤ መጀመሪያ ያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ልቤ የሄደው ሌላ ቦታ ነው፤ ድሮ የኖርንበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ላይ የወረቀት እግር የተሰካበት ቤት።

አንቺም በመጪው ሴፕቴምበር ማስተማር ልትጀምሪ ነው። ስለዚህ ይህን ልንገርሽ። ማስረዳት አመሌ መሆኑን ታውቂያለሽና አንዳንድ ቦታ ቆም ካልኩ ታገሺኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ዘጠናዎቹ ገና ሳይጋመሱ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ቋሚ ሥራ እስካገኝ ድረስ፣ እኛ በምንኖርበት ቢልዲንግ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ የአረጋውያንን የረቡዕ ፕሮግራም እንድመራ ተቀጠርኩ። አዳራሹ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። የቱቦው መብራት ቀኑን ሙሉ እንደ ዝንብ ይጮኻል፤ የማሞቂያው ቧንቧ እየቆየ ኳ ኳ ይላል። ላውንድሪው፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከጎኑ ስለነበር የሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። የሚመጡት ሃያ አምስት የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከሁለት ሦስቱ በቀር ፊሊፒኖች ነበሩ። ልጆቻቸው ነርሶችና ሞግዚቶች ናቸው። ወላጆቻቸውን ያስመጡት የልጅ ልጅ እንዲጠብቁላቸው ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን የልጅ ልጆቹ አድገው፣ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከትምህርት ቤት ብቻቸውን መምጣት ጀምረዋል።

በመጀመሪያው ረቡዕ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠቅልዬ ወረድኩ። «በጥሩ ማርጀት» የሚል ርዕስ ሰጥቼዋለሁ፤ ሥሩ በማስመሪያ የተሰመሩ፣ በሦስት ቀለም የተጻፉ ስምንት ነጥቦች አሉ። ውሃ መጠጣት፣ በእግር መሄድ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ከሰው መገናኘት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ግድግዳው ላይ ለጥፌ በእርሳስ እያመለከትኩ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ጨዋ ተማሪ አዳመጡኝ። ስጨርስ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ እጃቸውን አወጡ።

«ማም» አሉኝ። ሁሉም እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። የአስተማሪ ክብር በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነው፤ የሰባ ዓመት ሰው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅን «ማም» ይላል። «ዕድሜሽን ብጠይቅ ትቀየሚኛለሽ?»

ነገርኳቸው።

«ይሁን፣ አንቺ ለማጥናት ጊዜ አለሽ» አሉ፣ ወረቀቱን በከንፈራቸው እየጠቆሙ። «እኛ ግን ፈተናው ላይ ተቀምጠናል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን ሲግል ተሰምቶኛል። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማንም አላነሳውም። ደግመውም አላነበቡትም።

በሳቁ መሃል ብድግ ብለው ወደ አዳራሹ ኩሽና የገቡት ሎላ ነበሩ። ሎላ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ስለሚላቸው እኔም ሎላ አልኳቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ከሁሉም ይበልጣሉ። ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ አይደርስም። የሟች ባለቤታቸውን ሹራብ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፈው ይለብሳሉ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ትልቁን ድስታቸውን በትንሽ የገበያ ጋሪ እየጎተቱ ከዘጠነኛ ፎቅ ይወርዳሉ። የጋሪው ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ኤሌቬተሩ ሳይከፈት ይሰማል፤ ጨዋታው ሁሉ ያኔ ይሞቃል።

ሩዙን ሦስት ውሃ ያጥቡታል። ውሃውን በጣታቸው አንጓ ይለካሉ። በሆምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የተሠራው ዶሮ ሲንተከተክ ሽታው የላውንድሪውን ሳሙና ያሸንፈዋል። ሲቀዱ ማንንም አይጠይቁም፤ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ጥርስ እንደሌለው፣ ማን ከልጁ ጋር ተኳርፎ ምግብ እንደማይወርድለት ያውቃሉ። ለተኳረፈው ጨመር ያደርጉለታል። ከተበላ በኋላ የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስበው ሳህኑን ሁሉ ያጥባሉ፤ ሊያግዝ የተጠጋ ሰው ካለ በማንኪያ እጁን ቸብ ያደርጉታል። መርከበኛው ሆን ብለው እየተጠጉ ይመቱ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ቆመው ሲያጥቡ ሌላው ተቀምጦ ጥርሱን ሲፍቅ። አፈርኩ። በእነሱ ፈንታ አፈርኩ።

ለምን እንዳፈርኩ እንዲገባሽ የቤታችንን ነገር ልንገርሽ። እኛ ሰባተኛ ፎቅ ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና አያቴ። አያቴ የእናቴ አባት ናቸው፤ ከመጡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ግን ውሃ እንኳ ራሳቸው ቀድተው ጠጥተው አያውቁም። ብድግ ሲሉ እኔ ወይም እናቴ «አይነሱ አባባ፣ እኔ አመጣለሁ» እንላለን። ጫማቸውን እኔ አስርላቸዋለሁ። እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ሁለት ሺፍት ትሠራለች፤ እግሯ አብጦ ትገባለች፤ ያም ሆኖ እሳቸው በልተው እስኪጨርሱ ሳትቀመጥ ትቆማለች። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከታች የቆሙትን መኪናዎች ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ መኪናዎቹ ያወሩን ነበር። እየቆየ ወሬው አጠረ፤ «እሺ» እና «ተመስገን» ብቻ ቀረ። እናቴ «ዕድሜ ነው» ትለኛለች። እኔም «ዕድሜ ነው» እላለሁ።

በኖቬምበር መጀመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ማን እንደሚያበስል፣ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን ወንበር እንደሚያነሳ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው መደብኩ። ከግርጌው በቀይ ቀለም «ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ አባላት ከሥራ ነፃ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ያ መስመር የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቤት ትራስ ይዤ ወረድኩ። መደገፊያ ያለውን ወንበር ከጠረጴዛው ራስጌ አድርጌ ትራሱን አነጠፍኩበት። ሎላ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ድስቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«ዛሬ እርስዎ ይረፉ» አልኳቸው።

ሎላ ድስቱን አዩ፤ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ሳላማት፣ ማም» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሄደው ተቀመጡ። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር እግራቸው ወለሉን አልነካም። ሌሎች አብስለው ሌሎች ቀዱ። መርከበኛው ወደ ሳህን ማጠቢያው አልተጠጉም። ሎላ የቀረበላቸውን ሩዝ ግማሹን ተዉት፤ እኔም የበዛባቸው መሰለኝ።

ቆም ብዬ የማስረዳው እዚህ ላይ ነው። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር እነሱም አላቸው፤ እንዲያውም ከእኛ ሳይብስ አይቀርም። በክብር የተሰጠሽን ነገር አልፈልግም ማለት ሰጪውን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ስለዚህ ሎላ አልፈልግም አላሉም። ሥራው የደረሳቸውም «ይህ የሎላ ነው» አላሉም፤ ማም በማስመሪያ ያሰመረችውን ማን ይሰርዛል? እኔ ደግሞ የእኛ አገር ልጅ ነኝና ዝምታቸውን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። እንዲህ ያለ ሰውና እንዲህ ያለ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ እውነቱን የሚናገር ይጠፋል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሎላ ያለ ጋሪ መጡ። በሦስተኛው አርፍደው ገቡና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። በአራተኛው አልመጡም፤ በአምስተኛውም። እኔ የስም መጥሪያዬ ላይ ከስማቸው ፊት «ብርድ» ብዬ ጻፍኩ።

እውነቱን የነገሩኝ መርከበኛው ናቸው። ላውንድሪው ውስጥ የሞቀ ሸሚዛቸውን እያጠፉ አገኘኋቸውና ሎላ ታመው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ቀለዱ፤ ማድረቂያው ካልሲ እንደሚበላና ሆዱ ቢቀደድ የቢልዲንጉ ሁሉ ካልሲ እንደሚወጣ ነገሩኝ። ሳልስቅ ስቀር ሸሚዛቸውን አስቀመጡ። የሎላ ልጅ ነርሷ፣ እናቷን ሌላ ከተማ፣ ዊኒፔግ ወዳለው ወንድሟ ልትልካቸው ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ነርሷ ሁለት ሥራ አላት፤ ልጆቿም ቤት አይውሉም። እስካሁን «ግድ የለም፣ ረቡዕ አለላት» እያለች ቆይታ ነበር። አሁን ረቡዕም ቀረ።

ሎላ መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ባላቸው የተቀበሩት እዚህ ነው። ሰዎቻቸው እኛ ነን። እዚያ ቤት የምትውለው የልጅ ሚስት ብቻ ናት፤ እሷም ኩሽናዋ ያማረ ነው ይባላል፤ ሰው አታስገባም።» ሸሚዙን መልሰው አነሱት። «ደግ ልጅ ነሽ፣ ማም። ለዚህ ነው ማንም ያልነገረሽ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ያን የፕላስተር ድምፅ የሰማሁት ከኮሪደሩ ነው። ሎላ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ግማሽ ቁመታቸውን የሚያህል ካርቶን እያሸጉ ነበር። ቤቱ ካርቶን፣ የገላ ሳሙናና ቸኮሌት ይሸታል። በመስኮቱ የገባው የዲሴምበር ፀሐይ ግድግዳው ላይ ያረፈ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ከወረቀት የተቆረጡ እግሮች በስፒል ተሰክተዋል፤ ትንሽ፣ ትልቅ፣ አንዱ ስድስተኛ ጣት ያለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም ተጽፏል። እኛም ዘመድ ጫማ እንዲልክልን እግራችንን ወረቀት ላይ አስነድፈን እንልክ የለ? የሎላም እንደዚያ ነው። አገር ቤት ያሉትን የልጅ ልጆችና የእህት ልጆች እግር በየዓመቱ ያስነድፋሉ፤ ጫማ፣ ሳሙና፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ፎጣ እየጠቀጠቁ በመርከብ ይልካሉ። እኔ የራሳቸውን ዕቃ የሚያሽጉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የፋሲካው ሳጥን ነው አሉኝ፤ ከዚህ ቤት የሚላክ የመጨረሻው።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርታዬ እንኳ ማብራሪያ ነበረው፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንደማይሠራ፣ ከአክብሮት እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ፣ ወንበሩን ለምን ራስጌ እንዳደረግሁት ሁሉ ተናገርኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

«ወንበሩን አልጠላሁትም፣ ልጄ» አሉ። ማም ሳይሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «ሩዙ ግን ያለ እኔ በሰለ።» የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍራቸው ፈለጉ። «ጥሩ ሆኖ ነው የበሰለው።»

 ካርቶኑን በጉልበቴ ጫን ብዬ ያዝኩላቸው፤ እሳቸው ፕላስተሩን ጎተቱ። ከዚያ ስለ አያቴ ማውራት ጀመርኩ፤ እንዴት እንደምንከባከባቸው፣ ጫማቸውን እንዴት እንደማስር። ሎላ ቀና ብለው አያቴ ቀን ቀን ምን እንደሚሠሩ ጠየቁኝ።

«ምንም» አልኩ፣ በኩራት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሎላም ሰምተውታል። ፕላስተራቸውን ይዘው ወደ ቀጣዩ ጠርዝ ዞሩ።

ሠንጠረዡን በዚያው ሳምንት ቀደድኩት። ሎላ ግን ከረቡዕ በፊት በቅዳሜው፣ ሳይጠሩ፣ አንድ ማዳበሪያ እየጎተቱ ሰባተኛ ፎቅ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ቤት ነበረች። ሎላ ለአያቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ማዳበሪያውን አያቴ ጭን ላይ ዘረገፉት። ካልሲ ነበር። ላውንድሪው ውስጥ የተረሳ፣ ለዓመታት በአንድ ሣጥን የተጠራቀመ፣ ታጥቦ የደረቀ፣ አንድም ጥንድ የሌለው የሕፃናትና የትልልቅ ሰው ካልሲ። ከዊኒፔግ ለሚልኩት ሳጥን ይፈልጉታል፤ ዓይናቸው ግን ቀለም መለየት ትቷል። አያቴ እንዲያጣምሩላቸው ነው የመጡት።

እናቴ ለእንግዳዋ ጥርሷን እያሳየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በአማርኛ «የማንንም እግር ጥራጊ አባቴ ጭን ላይ?» አለችኝ። ሎላ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ሻይ ይጠጡ እንደሆነ እየጠየቀች ነው አልኳቸው። ሎላ በደስታ አሉ፤ እናቴ ሻይ ልትጥድ ተገደደች።

አያቴ አንዱን ካልሲ በሁለት ጣት አነሱ። አገላበጡት። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መጨማደዱን በመዳፋቸው አቃኑት። ሌላ አነሱ። ከዚያ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ፍጥነት እጃቸው ውስጥ ገባ። ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ፣ ባለ መስመሩን የወንበሩ መደገፊያ ላይ፤ ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ ይሮጣል። አንዲት ቢጫ የሕፃን ካልሲ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ብጤዋን አጧት።

«ይቺ አድራሻ የላትም» አሉና ለብቻዋ አስቀመጧት።

እናቴ ሻዩን ይዛ ስትመለስ አሁንም እየለዩ ነበር። ጎንበስ ብላ ክምሩን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። «አባባ፣ ይተዉት፤ ይደክምዎታል።»

«ተይኝ፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሥራ ላይ ነኝ።»

እናቴ ኩሽና ተመልሳ ቧንቧውን ከፈተች። ብዙ ቆየች፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

አያቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። አወሩ ብዬ አላጋንን፤ ብዙም አላወሩም። ውሃቸውን ግን ራሳቸው ቀዱ፤ እኔና እናቴ ተያይተን ቁጭ እያልን፣ ብርጭቆው በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ እያየን። ጫማቸውን ለማሰር ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ እኔም ሩብ ሰዓቱን በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያ ነው ከሁሉ ከባዱ፤ እስከ ዛሬም ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሲታገል ምላሴ ላይ የመጣውን ቃል መዋጥ ያደክመኛል።

ወደ ሎላ ልመለስ። ረቡዕ ላይ ጋሪው ኤሌቬተሩ ውስጥ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ሰማን። ማንም ስለ ሠንጠረዡ አላነሳም። መርከበኛው በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ በማንኪያ ተመቱ። እኔ ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። የሚሄዱበት ምክንያት ከጠፋ መሄዱም ይቀራል ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያትና ውጤት እንደሚያስተምር ሰው።

አንድ ቀን ነርሷ ከሺፍት ስትመለስ ሎቢው ውስጥ ጠብቄ አነጋገርኳት። ከካፖርቷ ሥር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበረች፤ ጫማዋ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ እናቷ ወደ ረቡዕ መመለሳቸውን፣ እዚሁ ቢቆዩ ለጤናቸውም እንደሚሻል ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ አዳመጠችኝ።

«ወንድሜ ክፍሉን ቀለም ቀብቶላታል» አለች። ቲኬቱም ተቆርጧል፤ የወንድሟ ሚስት ለቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ሁሉ እናታችን ልትመጣ ነው ብላ ተናግራለች። አሁን ቀርቷል ቢባል ወንድሟን ማሳፈር ነው። «እናቴም እሺ ብላለች። እምቢ ስትል ሰምተሻት ታውቂያለሽ?»

ሰምቼ አላውቅም።

«ቀኑን ሙሉ የሰው እናት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ» አለችኝ ኤሌቬተሩ ሲከፈት። «የኔን ግን የማገኛት ተኝታ ነው። ቢያንስ እዚያ አንድ ሰው ቤት ይውላል።»

የምከራከርበት ቦታ አልነበረም። ነርሷ እናቷ እንዲሄዱ አልፈለገችም፤ ሎላ መሄድ አልፈለጉም፤ ወንድምየውም ምናልባት ቀለሙን የቀባው ልጅ ነኝና ተራዬ ነው ብሎ ይሆናል። ሁሉም እርስ በርሱ ተከባብሮ ሎላ ሊሄዱ ነው። በእኔ አምስት ረቡዕ ተጀምሮ፣ በእኔ ይቅርታ የማይቆም ነገር ሆነ። አንዳንዴ ያለ እኔም አንድ ቀን ይሄዱ ነበር እላለሁ። አንዳንዴ አልልም።

የሄዱት በፌብሩዋሪ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አድሮ ሰማዩም ምድሩም አንድ ዓይነት ነጭ ሆኗል። ሎቢው እርጥብ ምንጣፍና መንገድ ላይ የተበተነው ጨው ይሸታል። ነርሷ ትልቁን ሻንጣ እየጎተተች ወደ ታክሲው ቀድማ ወጣች። ሎላ አንዲት የእጅ ቦርሳ አጠገባቸው አስቀምጠው ቆመዋል። በእነሱ ልማድ ታናሽ የታላቁን እጅ ተቀብሎ የእጁን ጀርባ የራሱ ግንባር ላይ ያስነካል። እንዲያ አደረግኩ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። 

ከዚያ ሎላ ቦርሳውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ከባድ ነበር፤ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ሲወርድ አየሁት። እጆቼ ሳላዛቸው ተዘረጉ፤ ያደግሁበት ቤት ሌላ ነገር አላስተማራቸውም። ሎላ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ አዩኝ ብቻ።

እጆቼን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

በሩን በጀርባዬ ገፍቼ ከፈትኩላቸው። ከበሩ እስከ ታክሲው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በጨው ላይ አንድ፣ ሁለት እያሉ ሄዱ፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ቦርሳውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ነርሷ ልትቀበላቸው ከመኪናው ግማሽ አካሏን አወጣች፤ እናቷ ራሳቸውን ነቅንቀው አይሆንም አሏት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ሹፌሩ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ እኔን ያልተቀጣች ልጅ እንደሚያይ ሰው አየኝ። አልፈረድኩበትም፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን እኔም እንዲያ ነበር የማይ። ሎላ ቦርሳውን ራሳቸው አንስተው የኋላው ወንበር ላይ አኖሩት፤ ተከትለው ገቡ፤ በሩን ራሳቸው ዘጉ።

ታክሲው ታጥፎ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ እጆቼን ከኪሴ አላወጣሁም።